የሕግ ታሪካችንን በሕግ ለማንበብ

ሰሞኑን ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኙት የአገራችን ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ አንድ ወዳጄ በስልኬ ፋይል ላከልኝ። የዶክተር አበራ ጀምበሬ የኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ መግቢያ ነው፤ ከዘርዐ ያዕቆብ ንግሥና ከ1434 አንስቶ ዘውዱ እስከ ወደቀበት እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ያለውን የሚተነትን፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በ2000 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር የታተመ መጽሐፍ። ገጾቹ ተንጋደዋል፤ የአንሺው አውራ ጣት ሳይቀር ከጽሑፉ ጎን ይታያል። «ስንት ከፈልክበት?» ብለው «ደግሞ ለዚህ ይከፈላል?» ብሎ ሳቀብኝ።

አሌክሳንድርያ ቨርጂንያ የምትኖር፣ ሕግ የምታጠና የእህት ልጅ አለችኝ። ይህንኑ መጽሐፍ ስትፈልግ እንደነበር ስለማውቅ በኩራት ልልክላት ብዬ ደወልኩ። «ጋሼ፣ የሕግ ታሪክ በተሰረቀ መጽሐፍ ሊያስተምሩኝ ነው?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ይባስ ብሎ፣ ከዓመታት በፊት ስሙን ከማልጠራው ሱቅ ፎቶ ኮፒ ተደርገው የተጠረዙ የአማርኛ መጻሕፍትን ዋጋ ከፍዬ የገዛሁ ሰው ነኝ። ደራሲዎቹ ከዚያ ገንዘብ አምስት ሳንቲም የደረሳቸው አይመስለኝም።

ደራሲውም ተራ ሰው አይደሉም። ከ1974 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. በታላቁ ቤተ መንግሥት በእስር ያሳለፉትን «የእስር ቤቱ አበሳ» በሚል መጽሐፍ ጽፈውልናል። ሕግ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል በገዛ አካላቸው ያዩ ሰው ናቸው ከዚያ በኋላ ተቀምጠው የአገራቸውን የሕግ ታሪክ የጻፉት። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ዕድሜ ልኩን፣ ለወራሾቹ ደግሞ ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት መብት ይሰጣል። እኛ በየቡና ቤቱ ስለ ሕግ የበላይነት እየተከራከርን ይህችን ታናሽ ሕግ እንረግጣለን።

ግን ደግሞ ነገሩን ከሌላ ወገን እንየው። የሕግ መጽሐፍ ከሕዝቡ ተቆልፎበት የኖረው ዛሬ አይደለም። ፍትሐ ነገሥትን ግብጻዊው ሊቅ ኢብን አል-ዐሳል በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ አዘጋጀው፤ በትውፊት እንደሚነገረው በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግእዝ ተመለሰ። ባላገሩ የሚፈረድበትን መጽሐፍ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ሊቃውንት ናቸው አንብበው የሚተረጉሙለት። የሚያስቆጨው ደግሞ ይህ ነው፦ ኢጣልያዊው ኢኛሲዮ ጉዊዲ የግእዙን ጽሑፍ በ1897፣ የኢጣልያንኛውን ትርጉም በ1899 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዐድዋ ላይ በተሸነፉ ማግሥት ማለት ነው! የአባ ጳውሎስ ጻድዋ የእንግሊዝኛ ትርጉም አዲስ አበባ የታተመው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። የጉዊዲ የቅጂ መብት ጊዜው ስላለፈ ዛሬ ማንም በነጻ ሊያነበው ይችላል፤ የራሳችን ሊቃውንት ሥራ ግን አሁንም ሲፈለግ የሚያደክም ነው።

የእህቴ ልጅ መንገዱን አሳየችኝ። መጀመሪያ የወሰደችኝ እዚያው አሌክሳንድርያ ኩዊን ጎዳና ላይ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ነው። ነሐሴ 21 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. አምስት ጥቁር ወጣቶች በየተራ ገብተው የአባልነት ካርድ ጠየቁ፤ ሲከለከሉ መጽሐፍ አንስተው በጸጥታ ማንበብ ጀመሩ፤ ፖሊስ መጥቶ አሰራቸው። ነገሩን ያቀነባበረው የ26 ዓመቱ ጠበቃ ሳሙኤል ታከር ነበር። ከተማው በ1940 ለጥቁሮች ብቻ ሌላ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሠርቶ ካርድ ቢሰጠው አልቀበልም አለ። የወጣቶቹ ክስ በይፋ የተሰረዘው ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ2019 ነው። እኛ ከኋላ የመጣነው በዚያ ትግል በተከፈተ በር እየገባን፣ ካርዱን እንኳ ሳናወጣ ስንት ዓመት ኖርን?

በማግሥቱ ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ በሰማያዊው መስመር ካፒቶል ሳውዝ ወርደን ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ የአንባቢ ካርድ በነጻ ያገኛል፤ መታወቂያ ማሳየት ብቻ ነው። መጽሐፉን ወደ ቤት መውሰድ አይቻልም፤ እዚያው ተቀምጦ ማንበብ ግን ይቻላል። ቤቷ ይዛ ለማንበብ ደግሞ በሰፈሯ ቤተ መጻሕፍት በኩል ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በውሰት እንዲመጣላት ጠየቀች። የ1976ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግም ቤተ መጻሕፍት ለግል ጥናት ከመጽሐፍ ጥቂት ክፍል ቀድተው እንዲሰጡ ይፈቅዳል። ይህን ሁሉ ወዳጄ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር።

ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ላለው ተማሪ ግን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በባቡር አይደረስም። በዩሮ የተተመነ መጽሐፍ ይግዛ ማለትም ቀልድ ነው። ያንን ፋይል የሚያነበውን ልጅ ሌባ ለማለት አንደበቴ ይታሰራል። የእኔና የወዳጄ ነገር ግን ይለያል፤ ለአንድ ማኪያቶ አምስት ዶላር ከፍለን ነው መጽሐፉን በነጻ የተቀባበልነው። ገንዘቡ ያለን እኛ ከወራሾችና ከአሳታሚው ጋር ተነጋግረን፣ ፈቃድ ገዝተን፣ በአገር ቤት ዋጋ አዲስ አበባ ቢታተም ምን ይከብደናል? ለስንቱ የፈረሰ ማኅበር አዋጥተናል።

ፋይሉን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። የእህቴ ልጅ በውሰት የመጣላትን እያነበበች ነው፤ ሦስት ሳምንት ተሰጥቷታል። ከእሷ ቀጥሎ ወረፋው የእኔ ነው።