ቡላው ፀጉር በሲልቨር ስፕሪንግ

ወጣቷ ደንበኛ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየች። የፎቶዋ ሴት ፀጉር ወርቃማ አይባልም፤ ሽበትም አይደለም። አመድና ማር አንድ ላይ የተለወሱበት የሚመስል ለስላሳ ቀለም ነው። «እታለም፣ ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?» ባለሙያዋ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችውና «ቡላ ነዋ» አለቻት።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ቀለም አንዳንዴ በእንጉዳይ፣ አንዳንዴ በአሸዋ ይመስሉታል። አማርኛ ግን ከጥንት ጀምሮ ፈረስና አህያ ሲለይበት የኖረ የራሱ ቃል አለው። ዳማ፣ ዳልቻ፣ ቡላ እየተባለ መልክ ሲጠራ የሰማች የገጠር ልጅ ፎቶ አያስፈልጋትም፤ ቡላ ሲሏት ቀለሙ ዓይኗ ላይ ይመጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው በዚህ ፀጉር ቤት ስሙ ጸደቀ። ቀለሙ ሥር የያዘውም ስም ካገኘ በኋላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በፎቶ እየጠቆሙ መለመን ሌላ፣ «ዛሬ ትንሽ ወደ ዳልቻ አድርጊልኝ» ብሎ ማዘዝ ሌላ ነው።

እታለም ሙያውን የተማረችው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ቢጎዲን ስትጠቀልል፣ ካስክ ሥር የተቀመጡ ሙሽሮችን ስትጠብቅ አድጋለች። የዚያን ጊዜ ቀለም ማለት ሽበት የሚሸፍን ጥቁር፣ ደፈር ላለችው ደግሞ ቦርዶ ነበር። አሜሪካ ስትገባ ያ ሁሉ ልምድ ወረቀት አልሆናትም። ሜሪላንድ የኮስሞቶሎጂ ፈቃድ ለመስጠት የ1,500 ሰዓት ትምህርት ወይም በሳሎን ውስጥ የ24 ወር ልምምድ ይጠይቃል። ልጆች ስለነበሯት ሁለተኛውን መረጠች፤ ሁለት ዓመት የሌላ ሰው ወንበር አጠገብ ቆማ ቀለም መበጥበጥ ተማረች።

የተማረችውን ለሐበሻ ፀጉር ማዋል ግን ሌላ ትምህርት ሆነባት። ባለሙያዎች የፀጉርን ጥቁረትና ንጣት ከ1 እስከ 10 ይቆጥሩታል፤ 1 ድፍን ጥቁር፣ 10 እጅግ የነጣ ብሎንድ ነው። የአብዛኛው ሐበሻ ፀጉር ከ1 እስከ 3 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ቡላ የሚገኘው 7 እና 8 ላይ ነው። ይህን መንገድ ለማየት ከደንበኛዋ ጆሮ ጀርባ አንዲት ቀጭን ዘለላ ትለይና የማንጫውን ውሁድ ቀብታ በፎይል ትጠቀልላለች። በየጥቂት ደቂቃው ፎይሉን ገለጥ ታደርጋለች። ዘለላዋ መጀመሪያ እንደ በርበሬ ትቀላለች፤ ቀጥሎ ብርቱካን ትመስላለች፤ ከዚያ እርድ። እታለም እዚያ ላይ ታቆማለች። ብትቀጥል የሙዝ ልጣጭ ውስጡን የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ ላይ ትደርሳለች፤ ቡላ ግን ያን ያህል መንጣት አያስፈልገውም፣ ፀጉሩም ያለምክንያት ይጎዳል።

ቀዩና ቢጫው የሚመጣው ከውጭ ሳይሆን ከፀጉሩ ከራሱ ነው። ጥቁሩንና ቡናማውን መልክ የሚሰጠው ዩሜላኒን በማንጫው ቶሎ ሲፈርስ፣ ወደ ቀይና ቢጫ የሚያደላው ፊዮሜላኒን ይዘገያል። ያንን የሚያበርደው ቶነር ነው፤ ሐምራዊ ቢጫን፣ ሰማያዊ ብርቱካንን ያጠፋል። በቢጫ ላይ ሰማያዊ የጨመረች ጀማሪ አረንጓዴ ፀጉር ይዛ ትቀራለች። የቀለም ቱቦው ላይ ያለው ቁጥር መንገዱን ያሳያል። በብዙ የአውሮፓ ቀለሞች 8.13 ሲል 8ቱ ንጣቱ፣ 1ዱ አመዱ፣ 3ቱ ወርቁ ነው። እታለም 3ቱን አትተውም። አመዱ ብቻውን ሲሆን ጠይም ፊትን የታመመ ያስመስለዋል፤ ትንሽ ወርቅ ሲገባበት ፊቱ ይፈካል። የምታሠለጥናቸውን ልጆች ደጋግማ የምትነግራቸው ይህንኑ ነው፤ እውነቷንም ነው።

አንድ ቀን ሌላ ቦታ ተሠርታ የመጣች ልጅ ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ ከሁለት ወር በፊት በኬሚካል ለስልሶ፣ በላዩ ላይ በአንድ ቀን ከጥቁር ወደ ብሎንድ እንዲነጣ ተደርጓል። ሲረጥብ እንደ ማስቲካ ይለጠጥና ይበጠሳል። ማለስለሻው የፀጉሩን የውስጥ ማሠሪያ ነክቶታል፤ ማንጫው የቀረውን ጨረሰው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኦላፕሌክስን የመሰሉ ማሠሪያ ጠጋኝ መድኃኒቶች ገበያ ላይ አሉ፤ ግን እንዲህ የሞተ ፀጉር አያስነሱም። እታለም እስከ ማጅራቷ ቆረጠችላት። ከዚያ ወዲህ የለሰለሰ ፀጉር አታነጣም፤ ድፍን ጥቁሩንም በአንድ ቀን ቡላ አታደርግም። ሁለት ሦስት ቀጠሮ ትይዛለች፤ ቀለሙን ከመቀባቷ 48 ሰዓት በፊት ደግሞ ክንድ ላይ ጠብታ ትሞክራለች።

ሂና ተቀብተው እንደሆነም ትጠይቃለች። ንጹሕ ሂና ቅጠል ነው፤ የብረታ ብረት ጨው የተቀላቀለበት ግን ከማንጫው ጋር ሲገናኝ ፀጉሩ እስኪጨስ ይግላል። «ጥቁር ሂና» የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተባለ፣ አለርጂ የሚያስነሣ ኬሚካል አለበት።

ይህን ጥያቄ ከወጣቶቹ ይልቅ እናቶችን መጠየቅ አስፈልጓታል፤ ቡላን በዚህ ከተማ ያጸኑት እነሱ ናቸውና። ወጣቶቹ ዓመት ሠርተው ወደ ሌላ ይሄዳሉ። እናቶች ግን ለሃያ ዓመት በየሦስት ሳምንቱ ሽበታቸውን ጥቁር ሲቀቡ ኖረዋል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ በጥቁሩ ሥር ነጩ መስመር ብቅ ሲል ይሳቀቃሉ። ቡላ ይህን ሩጫ አስቀረላቸው። ጥቁሩ ሥር ባለበት ይቀመጣል፤ ቀጫጭን ዘለላዎች ብቻ ይነጣሉ፤ አዲስ የሚወጣው ሽበት ከነሱ ጋር ተቀላቅሎ አይለይም። ሦስት ሳምንት የነበረው ቀጠሮ ሦስት ወር ሆነ።

አያያዙ ላይ እታለም ቆፍጠን ትላለች። ቶነር በየእጥበቱ ይለቃል፤ ስለዚህ በሁለቱ ቀጠሮ መሃል፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ማደስ ያስፈልጋል፤ እሱም ቀላል ሥራ ነው። ሐምራዊ ሻምፖ በሳምንት አንዴ፣ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ፤ በየቀኑ ከሆነ ጫፉ ሐምራዊ ይጠጣል። ፔስትራ ከ180 ዲግሪ አይለፍ፤ ሙቀት ቡላውን ወደ ቢጫ ይመልሰዋል። ቅቤ ላይ ብዙ ክርክር ነበር። ቅቤ ተቀብተው ያደጉ ሴቶችን ተዉ ማለት አይቻልም፣ ተገቢም አይደለም። የተስማሙት ለጋ ቅቤ ለራስ ቆዳውና ለሥሩ እንዲሆን፣ ቢጫው የነጣውን ጫፍ እንዳያቀልመው በቅቤ ፋንታ ቀለም የሌለው ዘይት ለጫፉ እንዲሆን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስድሳውን ያለፉ እናት ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ሊሠሩ መጡ። ሽበታቸው በጆሮ ግንዳቸው ላይ ተሰብስቧል። እታለም ከመጀመሯ በፊት «ነጠላዎን ይልበሱልኝ» አለቻቸው። ተከናነቡ። ከጥለቱ ጠርዝ የሚወጣውን ፀጉር ጣቷን አስገብታ ለየች፤ በጣም የነጡት ዘለላዎች እዚያ እንዲያርፉ በነጭ ጠመኔ ምልክት አደረገች። ከሦስት ሰዓት በኋላ ታጥበው፣ ፎን ተደርገው ነጠላውን እንደገና ተከናነቡና መስታወቱን ቀረብ ብለው አዩ።

«ይቺን በቀኝ በኩል ያለችውን» አሉ፣ «ትንሽ ወደ ፊት አውጪልኝ፣ ልጄ።»