የማይደገም ማኅተም

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣ መንገደኛ አስኮን አልፎ ሳንሱሲ ይደርሳል፤ ከዚያም ቡራዩን፥ ሆለታንና አምቦን እያለፈ ወደ ነቀምት ይዘልቃል። ለነጋዴና ለሹፌር ይህ መንገድ የገበያና የጭነት መንገድ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን ሁለት ሥርዐቶችን የሚያገናኝ መንገድ ነው። በመንገዱ ራስ በአዲስ አበባ ያለው የካቶሊካውያን ሊቀ ጳጳስ መንበር የግእዝ ሥርዐት ሲሆን፥ በምዕራብ በኩል በነቀምት ያለው ሀገረ ስብከታቸው የላቲን ሥርዐት ነውና።

እንግዲህ በዚህ በከተማው ምዕራባዊ ዳርቻ ያለ አንድ የካቶሊክ ቁምስና ልጆቹን ለምሥጢረ ሜሮን ለማዘጋጀት ቢነሣ፥ ከትምህርቱና ከመዝሙሩ አስቀድሞ የሚገጥመው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ከእነዚህ ልጆች መካከል ቀድሞ የታተመው ማን ነው? የሚል ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአገራችን ይህን ጥያቄ በሚገባ ሳይጠይቁ መፍረድ ብዙ ኀዘን ካመጡት ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 8 ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ። ፊልጶስ በሰማርያ ሰብኮ ብዙዎችን ባጠመቀ ጊዜ፥ በኢየሩሳሌም የነበሩ ሐዋርያት ይህን ሰምተው ጴጥሮስንና ዮሐንስን ላኩ፤ እነርሱም ወርደው እጃቸውን በጫኑባቸው ጊዜ የተጠመቁት ሰዎች መንፈስ ቅዱስን ተቀበሉ። በዚያው ምዕራፍ ያው ፊልጶስ የህንደኬን ጃንደረባ በጋዛ መንገድ አጠመቀው። በዚህ ጊዜ ግን እጁን ሊጭን ከኢየሩሳሌም የወረደ ሐዋርያ የለም፤ ጃንደረባውም ደስ እያለው ወደ አገሩ ሄደ። ሰማርያ ለኢየሩሳሌም ቅርብ ናት፤ ኢትዮጵያ ግን ሩቅ ናት። የሐዋርያው እጅ ወደ ሩቅ አገር በምን ይደርሳል? የምሥጢረ ሜሮን ታሪክ በአገራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ የኖረ ታሪክ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ምእመናን በበዙ ጊዜ ጳጳሱ በየጥምቀቱ ሁሉ ሊገኝ አልቻለም። ለዚህ ችግር ምሥራቅና ምዕራብ ሁለት ልዩ ልዩ መልስ ሰጡ። በምሥራቅ ከዘይትና ከበለሳን ከልዩ ልዩ ሽቱም የተዘጋጀውን ቅባት ሊቀ ጳጳሱ ባርኮ ለካህናት ይሰጣል፤ ካህኑም ሕፃኑን ባጠመቀበት ሰዓት በዚያው ቅባት ያትመዋል። በምዕራብ ግን ካህኑ ያጠምቃል፥ ግንባርን በሜሮን ማተም ለጳጳሱ ይቆያል። የሮማው ጳጳስ ኢኖኬንጢዮስ ቀዳማዊ በ416 ዓ.ም. ለጉቢዮ ጳጳስ በጻፈው መልእክት ይህ ሥልጣን የጳጳሳት ብቻ መሆኑን አጽንቶ ተናግሯል። ነገሩን አሳጥረን ብንናገር፥ በምሥራቅ ቅባቱ ወደ ሕፃኑ ይሄዳል፥ በምዕራብ ጳጳሱ ወደ ልጁ ይሄዳል። በሁለቱም ዘንድ የጳጳሱ እጅ አልቀረም፤ በአንደኛው በቅባቱ ውስጥ ተሰውሮ ይመጣል፥ በሁለተኛው ራሱ ይመጣል።

ከዚህ ልዩነት የመዘጋጀት ልዩነት ተወለደ። ጳጳሱ እስኪመጣ መቆየት ግድ በሆነ ጊዜ፥ በምዕራብ ሕፃኑ አደገ። በትሬንቶ ጉባኤ ትእዛዝ ተዘጋጅቶ በ1566 ዓ.ም. የወጣው የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፍ ልጆች ቢያንስ ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው መጠበቅ እንደሚገባ አመለከተ። ልጁ ጥያቄ የሚመልስ ሆነ፤ በጥምቀትና በሜሮን መካከል የተከፈተውንም ዘመን ትምህርት ሞላው። በእኛ ዘንድ ግን ወንዱ በ40 ቀን ሴቲቱ በ80 ቀን ተጠምቀው በዚያው ሰዓት 36 ቦታ ሰውነታቸው በሜሮን ይታተማል። የ40 ቀን ሕፃን ሊዘጋጅ አይችልም፤ ስለ እርሱ የሚዘጋጁ ወላጆቹና የክርስትና አባቱ ናቸው፤ ትምህርቱም ከማኅተሙ በኋላ ይከተላል።

የምሥራቁ መልስ ለኢትዮጵያ የተስማማበት ምክንያት ግልጥ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለአክሱም ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው ቅዱስ አትናቴዎስን በለመነ ጊዜ፥ ራሱ ተሹሞ አባ ሰላማ ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ጳጳሱ የሚመጣው ከግብጽ ነበር፤ በብዙ ዘመንም ለዚህ ሁሉ ሰፊ አገር አንድ ጳጳስ ብቻ ነበር። እርሱም ባረፈ ጊዜ ሌላው እስኪመጣ አገሩ ይጠብቃል። አቡነ ማቴዎስ በ1926 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አቡነ ቄርሎስ የተሾሙት በ1929 ዓ.ም. ነው። ማኅተሙ በጳጳሱ እጅ ብቻ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ፥ በእንዲህ ያለው ዘመን ሁሉ የተወለደው ሕፃን ሳይታተም በቆየ ነበር። ቅባቱ በካህኑ እጅ ስለ ሆነ ግን ማተሙ ጳጳስን መጠበቅ አላስፈለገውም።

አለመግባባቱ የተጀመረው ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት በተገናኙ ጊዜ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ወደ ፖርቱጋል የላኩት ጸጋ ዘአብ በሊዝቦን ሳለ ስለ አገሩ ሃይማኖት ተጠይቆ የሰጠው ቃል፥ ዳሚያኦ ዴ ጎይስ በሚባለው ሊቅ እጅ በ1540 ዓ.ም. ታተመ። በዚህ ቃሉ ጸጋ ዘአብ በፈረንጆች አገር እንዳየው ያለ የማጽናት ምሥጢር በአገሩ እንደማይደረግ ተናግሯል። የተናገረው ባየው ነው፤ ልጆች ካደጉ በኋላ ጳጳስ መጥቶ ግንባራቸውን የሚቀባበት ለብቻው የሆነ ሥርዐት በኢትዮጵያ አልነበረምና። ሰሚዎቹ ግን ምሥጢሩ ራሱ የለም ማለት ነው ብለው ተረዱት። በጥምቀቱ ውስጥ ያለውን ከጥምቀቱ ውጭ ፈልገው ቢያጡት፥ የጠፋ መሰላቸው።

የካቶሊኩ ጳጳስ አንድሬ ኦቪዬዶ በ1557 ዓ.ም. በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን መጥቶ በ1577 ዓ.ም. በፍሬሞና አረፈ። ከእርሱ በኋላ ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል በአገሩ የካቶሊክ ጳጳስ አልነበረም፤ በ1603 ዓ.ም. የመጣውና በጥበቡ ስሙ የታወቀው ጴጥሮስ ፓኤዝ ቄስ እንጂ ጳጳስ አልነበረም። እንግዲህ እነርሱም ራሳቸው እንደ እኛው የጳጳስ እጦት ደርሶባቸው ነበር፤ ነገር ግን ሥርዐታቸው ማኅተሙን ለጳጳሱ የጠበቀ ስለ ሆነ እጦቱ በእነርሱ ላይ የበለጠ ከበደ።

ከዚያ በኋላ አልፎንሱ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ተብሎ በ1625 ዓ.ም. ገባ። በ1626 ዓ.ም. በየካቲት ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ ለሮማ ፓፓ መታዘዛቸውን በመሐላ ገለጡ። ፓትርያርኩም ቀስ ብሎ መመርመርን ትቶ የተጠመቀውን ሕዝብ ዳግመኛ አጠመቀ፥ የተካኑትን ካህናት ዳግመኛ ሾመ፥ ታቦት የገባባቸውን አብያተ ክርስቲያናት ዳግመኛ ባረከ። ይህንም ያደረገው የቀደመው ጥምቀት በትክክል መፈጸሙን ተጠራጥሮ ነው። የሚያስደንቀው ነገር የገዛ ጉባኤያቸው በትሬንቶ በ1547 ዓ.ም. ጥምቀት፥ ሜሮንና ክህነት በነፍስ ላይ የማይጠፋ ማኅተም የሚያትሙ ስለ ሆኑ ሊደገሙ እንደማይችሉ መደንገጉ ነው። ሕጉ መልካም ነበር፤ የጎደለው ሕጉን በሰው ላይ ከማዋል አስቀድሞ ሰውየውን መጠየቅ ነበር።

የባላገሩን ልብ አስበው፥ አንባቢ ሆይ። አባቱም አያቱም የተጠመቁበትን ጥምቀት እርሱም ተቀብሎ፥ ልጆቹንም በዚያው አስጠምቆ፥ ሙታኑን በዚያው ተስፋ ቀብሮ ሳለ፥ እስከ ዛሬ አልተጠመቅህም ቢሉት፥ ይህ ቃል በእርሱ ብቻ አይቆምም፤ ወደ መቃብሩም ይወርዳል። ሁከቱ ከዚህና ይህን ከመሳሰለው ሁሉ ተነሣ። በ1632 ዓ.ም. ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ሚሲዮናውያኑም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአገር ወጡ።

በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የካቶሊክ ስብከት በተመለሰ ጊዜ በሁለት መንገድ ገባ። በሰሜን ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ በ1839 ዓ.ም. መጥቶ የአገሩን ቋንቋና የግእዙን ሥርዐት አክብሮ ያዘ፤ ካህናቱንም ከአገሩ ልጆች አወጣ። እርሱን በ1849 ዓ.ም. በምጽዋ ጵጵስና የሾመው ጉልየልሞ ማሳያ ደግሞ ወደ ኦሮሞ አገር የተላከ ነበር፤ ተራራና ቆላ እያቋረጠ እስከ ከፋ ደረሰ፥ ኋላም በንጉሥ ምኒልክ ዘመን በሸዋ ተቀምጦ በ1879 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ሆነ። ያ በምዕራብ ሥርዐት የተነገረው ጳጳስ በእግሩ ወደ ልጁ ሲሄድ በአገራችን የታየው በእንደ ማሳያ ባለው ሰው ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ መንገዶች የተነሣ ዛሬም የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ከፊሉ በግእዝ፥ በደቡብና በምዕራብ ያለው ከፊሉ በላቲን ሥርዐት ይኖራል።

የሮማ ቤተ ክርስቲያንም በዘመናችን የምሥራቁን ልማድ በሕግ አጽንታለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ዓ.ም. ስለ ምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ፥ ካህናት በጳጳስ በተባረከ ሜሮን እንዲያትሙ የቀደመው ሥርዐት እንዲመለስ አዘዘ፤ በ1990 ዓ.ም. የወጣው የምሥራቃውያን ሕገ ቀኖናም ሜሮን ከጥምቀት ጋር አብሮ እንዲሰጥ ደነገገ። ለላቲን ሥርዐት ደግሞ ፓፓ ጳውሎስ ስድስተኛ በ1971 ዓ.ም. አዲስ ሥርዐት አወጡ፤ ጳጳሱ የልጁን ጉንጭ በቀስታ የሚመታበት የድሮ ልማድ ያን ጊዜ ቀረ። የአዲስ አበባ መንበር በ1961 ዓ.ም. የግእዝ ሥርዐት ሊቀ ጵጵስና ሆኖ ከቆመ ወዲህ፥ ሁለቱ ልማዶች በአንዲት ከተማ የሚገናኙ ሆኑ።

አሁን ወደ ሳንሱሲ እንመለስ። ከወለጋ መጥቶ በዚህ ሰፈር የተቀመጠ አንድ ቤተ ሰብ አለ እንበል። ታላቁ ልጅ በዚያ በላቲን ሥርዐት ስለ ተጠመቀ ገና አልታተመም። ታናሺቱ በአዲስ አበባ በግእዝ ሥርዐት በተጠመቀች ቀን ታትማለች። ከጎረቤት ደግሞ በሕፃንነቱ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ፥ በወላጆቹ ምክንያት ወደ ካቶሊክ የመጣ ልጅ ከእነርሱ ጋር ይማራል። ሦስቱ በአንድ ወንበር ተቀምጠው አንድ ትምህርት ይሰማሉ፤ ለሜሮን ሊቀርብ የሚገባው ግን አንዱ ብቻ ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በኦርቶዶክስ ካህን እጅ የተሰጠውን ሜሮን እውነተኛ ምሥጢር ብላ ስለምትቀበል፥ ሦስተኛውን ልጅ ዳግመኛ መቀባት በእኛ ሕግ ብቻ ሳይሆን በእነርሱም ሕግ የተከለከለ ነው።

ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። በዓሉ በደረሰ ጊዜ ልጆቹ ነጭ ለብሰው ይሰለፋሉ፤ ጳጳሱ እጃቸውን ዘርግተው ይጸልያሉ፥ በሰሙነ ሕማማት የተባረከውን ቅባት በአውራ ጣታቸው ይዘው የእያንዳንዱን ግንባር ያትማሉ። ጓደኞቿ ሲቀርቡ ታናሺቱ በወንበሯ ትቀራለች። እናቷ ልጄ ለምን ትለያለች? ትላለች፤ አስተማሪውም ሕፃኗ እንዳታለቅስ ብሎ ትቅረብ ለማለት ይቃጣዋል። ይህ ከርኅራኄ የሚመጣ ነው። ነገር ግን ለሕፃኗ እንባ ሲባል የሚደገመው ማኅተም፥ የመጀመሪያው ከንቱ ነበር ብሎ እንደ መመስከር ነው፤ ይህንም ምስክርነት አባቶቻችን በሱስንዮስ ዘመን ሰምተው መሸከም አቅቷቸዋል።

ስለዚህ የቁምስናው ካህን ከትምህርቱ አስቀድሞ የጥምቀት መዝገቡን ይክፈት፤ መዝገቡ በሌላ አገር ያለ እንደ ሆነም ደብዳቤ ጽፎ ያስመጣ። የሚጠይቀውም፦ ተጠምቀሃልን? ብሎ ብቻ አይሁን፤ የትና በየትኛው ሥርዐት እንደ ተጠመቀ ጭምር ይጠይቅ። ላልታተመው ልጅ ትምህርቱን፥ ንስሓውንና የሚቆምለትን ሰው ያዘጋጅለት፤ የላቲኑ ሕግም የሚቆምለት ሰው ያው የክርስትና አባቱ ቢሆን የተሻለ መሆኑን ይናገራል። ለታተመችው ደግሞ ልዩ ትምህርት ያዘጋጅላት፦ የጓደኞቿ ቀን ዛሬ ነው፥ የአንቺ ግን ስትጠመቂ ተፈጽሟል ብሎ፥ ያን ቀንና ያጠመቃትን ካህን፥ የክርስትና እናቷንም ያስታውሳት።

ይህ የመጨረሻው ትምህርት ለእኛም ለኦርቶዶክሳውያን የሚያስፈልግ ነው። እኛ ማኅተሙን በ40 ቀንና በ80 ቀን ተቀብለን፥ ብዙዎቻችን ምን እንደ ተቀበልን ሳንጠይቅ እናረጃለን። በምዕራብ ያሉት ልጃቸውን እስኪያስተውል ቢያቆዩት በጥያቄ ያዘጋጁታል፤ እኛ ቀድመን ማተማችን መልካም ሆኖ ሳለ ትምህርቱን ከኋላ ካላስከተልን፥ ልጁ ባለጠግነቱን ሳያውቅ በድህነት የሚኖር ወራሽ ይመስላል። እንግዲህ የየደብሩ ካህን ያጠመቀውን ልጅ ሰባት ዓመት በሞላው ጊዜ ጠርቶ፥ በዚያች ቀን የተደረገለትን ከራሱ እስከ እግሩ እያመለከተ ያስረዳው።