ኩልና ወረንጦ፤ ስለ ዓይን ሕክምና ታሪክ

የመተማ ስም ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምናስበው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁበትን የጦር ሜዳ ነው። ነገር ግን መተማ የጎንደርና የሱዳን ነጋዴ የሚገናኝባት የገበያ በርም ነበረች። ድንበር የሚለየው የዚያ ቆላ ሕዝብ ከሚጋራቸው ልማዶች አንዱ ዓይንን መኳል ነው። በእኛ ኩል የሚባለው በሱዳን ዐረብኛ ኩሕል ይባላል፤ የሁለቱም ቃል ሥሩ አንድ ነው።

ኩል ጥቁር ማዕድን ተፈጭቶ የሚሠራ ሲሆን፥ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለመድኃኒትነትም ይታሰብ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የግብፅ የሕክምና ጽሑፍ፥ ኤበርስ ፓፒረስ፥ ስለ ዓይን መድኃኒት በብዙ ይናገራል፤ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት ስለ መንቀልም ያስረዳል። በሩቅ ቻይናም ዋንግ ታኦ የተባለ ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ752 ባዘጋጀው መጽሐፍ የዓይንን ሞራ በመርፌ ስለ መግፋት ጽፏል፤ ጥበቡም ከህንድ እንደ ተወረሰ ይታመናል።

የእኛ እናቶች የሠሩትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ማዝ፥ በሐኪሞች ቋንቋ ትራኮማ፥ የዓይንን ቆብ ከውስጥ እያቆሰለ ብዙ ዓመት ሲቆይ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ጠጉሩም ዓይንን እየፋቀ ያቆስላል። ስለዚህ ጎረቤት ለጎረቤት በወረንጦ ይነቅል ነበር፤ ዛሬም የሚነቅል አለ። ሕመሙ ለጊዜው ይቀላል፤ ጠጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል፥ አጥሮ ሲወጣም አብዝቶ ይወጋል።

የበሽታውን ጀርም በመጀመሪያ ለይተው በላቦራቶሪ ያሳደጉት ቻይናዊው ታንግ ፌይፋንና የሥራ ጓደኞቻቸው ሲሆኑ፥ ሥራቸውን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1957 አሳተሙ። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ሕፃናት መካከል ከመቶው ከ60 በሚበልጡት ላይ ማዝ ተገኝቷል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፤ የአባቶችን ጥበብ አንናቅ፤ ነገር ግን ጥበባቸው በደረሰበት አንቁም። እርሳስ ያለበት ኩል ሕፃናትን እንደሚመርዝ ዛሬ ታውቋል። በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን የሚያዛምቱት እጅ፥ ጨርቅና ዝንብ ስለ ሆኑ የልጅን ፊት በየቀኑ ማጠብ ታላቅ መድኃኒት ነው። ቆቡ የታጠፈበት ሰው በጊዜ ወደ ሐኪም ቢሄድ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይቃናለታል፤ በማዝ የጠፋ ብርሃን ግን በቀላሉ አይመለስም። ወረንጦዋን ይዛ ለጎረቤቷ የደረሰች እናት ዓይን ለማዳን የተጋች ናትና ትመስገን፤ ልጆቿ ደግሞ በሽተኛውን እስከ ሐኪሙ ደጅ ያድርሱት።