ጣት የሚያውቀው፦ የስማርት ስልክ ቁልፍና የትርጉሙ ባለቤት

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ይፋ የሆነው አይፎን 15 ፕሮ ከጎኑ አንድ ትንሽ ነገር ጎድሎት ወጣ። ከ2007ቱ የመጀመሪያ አይፎን ጀምሮ ከድምፅ መጨመሪያው በላይ የኖረው፣ በጥፍር ገፋ ሲያደርጉት ስልኩን ዝም የሚያሰኘው ተንሸራታች ማብሪያ ማጥፊያ ተነሥቶ በቦታው ተጫኝ ቁልፍ ገባ። «አክሽን በተን» የተባለውን ይህን ቁልፍ ባለቤቱ እንደ ምርጫው ካሜራ ያስከፍተዋል፣ ባትሪ ያስበራዋል፣ ድምፅ ያስቀዳዋል፤ ካሻውም እንደ ቀድሞው ስልኩን ዝም ያሰኝበታል። ለውጡን ብዙዎች የተቀበሉት እንደ ንጹሕ ትርፍ ነው፤ አንድ ሥራ ብቻ የነበረው ክፍል ብዙ ሥራ አገኘ፣ ምርጫውም ለባለቤቱ ተሰጠ። ይህ ጽሑፍ ግን ሒሳቡ አንድ ወጪ እንደተዘለለበት ያሳያል። ቁልፍን ለባለቤቱ ምርጫ ክፍት ማድረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይነካል፦ ቁልፉ ምን እንደሚሠራ፣ እንዲሁም ቁልፉ አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ። አምራቾች የመጀመሪያውን በለጋስነት እየሰጡ ሁለተኛውን በዝምታ እየወሰዱ ነው፤ የመጀመሪያውም ቢሆን የተሰጠው ወዶ ሳይሆን ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነው።

ቁልፍን ቁልፍ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ከስልክ ይልቅ የአውሮፕላን ታሪክ አጥርቶ ያስረዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የተባለውን የአሜሪካ ቦምብ ጣይ የሚያበሩ ሰዎች በደህና ካረፉ በኋላ ፍላፕ የሚባለውን የክንፍ ተንቀሳቃሽ ክፍል እንሰበስባለን ብለው የማረፊያ ጎማውን ይሰበስቡ ነበር፤ አውሮፕላኑም በሆዱ ይተኛል። የሥነ ልቦና ባለሙያው አልፎንስ ቻፓኒስ ጉዳዩን ሲመረምር ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ አላገኘውም። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ለእጅም አንድ ዓይነት ነበሩ። መድኃኒቱ ርካሽ ሆነ፤ በአንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ጎማ፣ በሌላው ላይ የክንፍ መልክ ያለው ሽብልቅ ተደረገ። ዛሬም በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ የማረፊያ ጎማው መቆጣጠሪያ ጎማ ይመስላል። በባለቁልፍ ስልክ 5 ቁጥር ላይ ያለችው ጉብታም የዚሁ ዘመድ ናት፤ አውራ ጣት እሷን ካገኘ በዙሪያዋ ያሉትን ስምንት ቁጥሮች በጨለማም ያገኛል። ከዚህ የምንወስደው መርሕ ግልጽ ነው። የቁልፍ ዋጋው ዓይን ሌላ ቦታ እያለ ጣት ብቻውን ሊያውቀው መቻሉ ነው። ይህን ያጣ ቁልፍ በስክሪን ላይ ካለ ሥዕል የሚለየው ነገር ጥቂት ነው።

ጣት የሚያውቀው ደግሞ ቦታን ብቻ አይደለም። የበር ደወልንና የመብራት ማብሪያ ማጥፊያን እናነጻጽር። ደወሉን ስንነካው ተደውሎ ይሁን አይሁን ምንም አይነግረንም፤ የሚያውቀው መጫንን ብቻ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ግን ያለበትን ሁኔታ በአካሉ ተሸክሞ ይቆያል። መብራት በሄደበት ምሽት ከመተኛቱ በፊት ግድግዳውን የሚዳብስ ሰው ይህን ያውቃል፤ አምፖሉ ጨለማ ቢሆንም ጣቱ «በርቷል» ወይም «ጠፍቷል» ብሎ ይነግረዋል፣ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ሲመጣ እንዳይቀሰቅሰውም አስቀድሞ ያጠፋዋል። የአይፎኑ ተንሸራታች ከማብሪያ ማጥፊያ ወገን ነበር፤ አክሽን በተን ከደወሉ ወገን ነው። ቀድሞ ስልኩን ከኪስ ሳያወጡ፣ ድምፁንም ሳይቀይሩ፣ በጣት ጫፍ ብቻ ዝም ማለቱን ማረጋገጥ ይቻል ነበር። አዲሱን ቁልፍ ግን ተጭነው ካልያዙት ምንም አይልም፤ ተጭነው ሲይዙት ደግሞ የሚሰጠው ንዝረት ለውጡ ከተፈጸመ በኋላ የሚመጣ ነው። በኪስ ውስጥ ያለ ጣት ሁኔታውን ለማወቅ ሁኔታውን መቀየር ግድ ሆነበት። ስክሪኑ ላይ የተሰረዘች ትንሽ ደወል ትታያለች የሚል መልስ ይሰጣል፤ መልሱ እውነት ነው፣ ግን ዓይንን ይጠይቃል። ያ ተንሸራታች የተሠራው ደግሞ ዓይን ስልክ ላይ ማረፍ ለማይገባው ቦታ ነበር፤ ለቅዳሴ፣ ለልቅሶ ቤት፣ ለስብሰባ።

እዚህ ላይ ተንሸራታቹን ከሚገባው በላይ ማሞገስ ተገቢ አይደለም፤ ጉድለቱ በአደባባይ የታየበት ምሽት አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 2012 የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ የማሕለርን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ሲያሰማ፣ ሙዚቃው ወደ ጸጥታው ሲወርድ ከፊት መደዳ የአይፎን ጥሪ ተሰማ። አልቆም ሲል መሪው አለን ጊልበርት ኦርኬስትራውን አስቆመ። የስልኩ ባለቤት በኋላ እንዳስረዳው መሣሪያው ገና አዲሱ ነበር፤ ከኮንሰርቱ በፊት ዝም የሚያሰኘውን ተንሸራታች ገፍቶታል። የጮኸው ግን ጥሪ ሳይሆን ማንቂያ ደወል ነበር፣ ማንቂያን ደግሞ ተንሸራታቹ አይይዘውም። የአምራቹ ሐሳብ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ስልኩን ዝም አሰኝቶ የተኛ ሰው ጠዋት እንዲነቃ ይፈልጋል። የኮንሰርቱ አድማጭ ሐሳብም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዝም ማለት ዝም ማለት ነው። በዚያ ምሽት ጣቱ ሁኔታውን በትክክል አውቋል፤ ያላወቀው የሁኔታውን ወሰን ነው። ስለዚህ ለባለቤቱ ሊሰጥ ይገባ የነበረው ምርጫ «ይህ ቁልፍ ካሜራ ይክፈት ወይስ ባትሪ ያብራ?» የሚለው ሳይሆን «ዝም ስትል እስከ ምን ድረስ ዝም ትላለህ?» የሚለው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ የመጣው ለውጥ የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰና ሁለተኛውን እንደነበረ ተወው።

ወሰኑንና ሥራውን የሚወስነው ማን ነው ወደሚለው ስንመጣ መዝገቡ ለአምራቾች አያምርም። የመጀመሪያው አይፓድ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 ለገበያ ሲቀርብ በጎኑ የነበረው ተንሸራታች ስክሪኑ እንዳይዞር ይቆልፍ ነበር። አልጋ ላይ ተጋድሞ ለሚያነብ ሰው ይህ ጌጥ አልነበረም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የወጣው አይኦኤስ 4.2 ያንኑ ተንሸራታች በአንድ ሌሊት ድምፅ ማጥፊያ አደረገው። ፕላስቲኩ ያው ነው፣ ቦታው ያው ነው፤ ጣት የለመደው ትርጉም ግን ተነጠቀ። ተቃውሞው ከበረታ በኋላ በማርች 2011 የመጣው አይኦኤስ 4.3 ምርጫውን በሴቲንግ ውስጥ ለባለቤቱ ሰጠ። በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ተፈጽሟል። ካሜራ ፕላስ የተባለ አፕ የድምፅ ቁልፉን ፎቶ ማንሻ የሚያደርግ ስውር መንገድ ስለያዘ በኦገስት 2010 ከአፕ ስቶር ተነሣ፤ ቁልፉን ከተሰጠው ሥራ ውጭ ማዋል ተጠቃሚን ያደናግራል የሚል ነበር መከራከሪያው። በኦክቶበር 2011 አይኦኤስ 5 ሲወጣ የአፕል የራሱ ካሜራ በድምፅ ቁልፍ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ያደናግራል የተባለው አሠራር ባለቤቱ ሲለወጥ አላደናገረም ማለት ነው።

ከሁሉም ግልጹ ግን የሳምሰንግ ነው። በ2017 የወጣው ጋላክሲ ኤስ 8 በግራ ጎኑ ቢክስቢ የተባለውን የድምፅ ረዳት ብቻ የሚጠራ ቁልፍ ይዞ መጣ። ሰዎች በሌሎች አፖች እየታገዙ ቁልፉን ለፈለጉት ሥራ ሲያውሉት ኩባንያው መንገዱን በማሻሻያ ዘጋ፤ እነሱም ሌላ ቀዳዳ ፈለጉ። በ2019 ከጋላክሲ ኤስ 10 ጋር ፈቃዱ በይፋ ሲመጣ እንኳ ከአንድ ጊዜ መጫንና ከሁለት ጊዜ መጫን አንዱ ለቢክስቢ የተጠበቀ ነበር፤ የሌላ ኩባንያ የድምፅ ረዳትም ከምርጫው ውጭ ሆነ። በዚያው ዓመት ኦገስት ኖት 10 ሲወጣ ቁልፉ ራሱ ጠፋ፣ ቢክስቢም ወደ ማጥፊያው ቁልፍ ተዛወረ። ዛሬ ብዙ ስልኮች ላይ «ማጥፊያ» ብለን የምንጠራውን ቁልፍ ተጭነን ስንይዘው ስልኩ አይጠፋም፤ አንድ ረዳት ተነሥቶ ምን ልታዘዝ ይላል። በ2017 የወጣው አይፎን ኤክስም እንዲሁ ነው፤ ለማጥፋት የጎኑን ቁልፍ ከአንድ የድምፅ ቁልፍ ጋር አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። የአይፎኑ ረዳት ሲሪ አማርኛ እንደማይሰማ ካሰብን፣ አማርኛ ተናጋሪው በስልኩ ላይ ካሉት ሦስት ወይም አራት ቁልፎች የአንዱን ተጭኖ የመያዝ ሥራ ቋንቋውን ለማያውቅ እንግዳ ለቆ ይኖራል ማለት ነው። የአምራች ምርጫና የባለቤት ምርጫ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

የዚህ አቋም ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ቀላል ነገር አይደለም። ስቲቭ ጆብስ በጃንዋሪ 2007 አይፎንን ሲያስተዋውቅ የዘመኑን ስልኮች የከሰሰው ቁልፎቻቸው በፕላስቲክ ላይ ተቀርጸው ስለቀሩ፣ ሥራው ቢለወጥ እነሱ ስለማይለወጡ ነው። ለዚህ ክርክር አማርኛ ከማንም በላይ ይመሰክርለታል። 33 ፊደላት በሰባት ሆሄያት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ገና አልተቆጠሩም። ይህን ሁሉ በ12 ቁልፎች ላይ ማስፈር ስቃይ ነበር፤ ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ መላላኩም ለዚህ ነው። ስክሪን ላይ የሚቀያየር ገበታ ባይመጣ ኖሮ ፊደላችን በስልክ ላይ ዛሬ ያለውን ቦታ አያገኝም ነበር። ክርክሩ ግን ለጽሕፈት እንጂ ለሁሉም ሥራ አይደለም። ጽሕፈት ዓይን የሚከተለው ሥራ ነው፣ ምልክቶቹም ብዙ ናቸው፤ ለእርሱ ስክሪን ይገባዋል። ዝም ማሰኘት፣ ድምፅ መቀነስ፣ ባትሪ ማብራት ግን ጥቂት ናቸው፣ የሚፈለጉትም ዓይን በማይገኝበት ጊዜ ነው። በ2003 የወጣውና ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ኖኪያ 1100 ባትሪውን በአንድ ቁልፍ ማብራቱ ቅንጦት አልነበረም፤ በጨለማ ውስጥ ባትሪ የሚፈልግ ሰው ገና ማየት የማይችል ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ አብዛኛው ሰው ሴቲንግ ከፍቶ ቁልፉን አይቀይርም የሚል ነው። ይህ እውነት መሆኑን ብቀበልም መደምደሚያው ወደ እኔ ወገን ያጋድላል፤ ሰው የማይቀይር ከሆነ ከፋብሪካ የመጣው ትርጉም ለብዙኃኑ ሕግ ሆኖ ይኖራል፣ ስለዚህ ያንን ትርጉም በማሻሻያ መለወጥ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሦስተኛው የደህንነት ጉዳይ ነው። በአንድሮይድ ላይ ቁልፍ የሚቀይሩ አፖች ብዙውን ጊዜ ለአካል ጉዳተኞች የታሰበውን የተደራሽነት ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ይህ ፈቃድ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ማንበብ ያስችላል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሰውን ወደዚያ ቀዳዳ የሚገፋው በር መዘጋቱ ነው። አምራቹ ራሱ ምርጫውን በሴቲንግ ውስጥ ቢያስቀምጥ ማንም ለማያውቀው አፕ የስልኩን ዓይን አይሰጥም። ውኃ የማያስገባ አካል ለመሥራት ተንቀሳቃሽ ክፍል መቀነስ ይሻላል የሚለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ አይፎን ከ7 እስከ መደበኛው 15 ድረስ ተንሸራታቹ እያለበት ውኃ ተቋቁሟል።

የሚከብደው አራተኛው ነው፦ የአደጋ ጊዜ። ስልክ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የወደቀን ሰው ስልክ የሚያነሣ ሌላ ሰው አለ፣ የደነገጠ እጅም የራሱን ምርጫ አያስታውስም። ሕንድ በ2016 ባወጣችው ደንብ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በስማርት ስልክ ላይ ማጥፊያውን ሦስት ጊዜ መጫን፣ በባለቁልፍ ስልክ ደግሞ 5ን ወይም 9ን ተጭኖ መያዝ እርዳታ መጥሪያ እንዲሆን አዝዛለች። ይህ የቁልፍ ትርጉም በሕግ የቆመበት አጋጣሚ ነው፤ ለግል ምርጫ መተው እንደሌለበትም እስማማለሁ። ሆኖም ቋሚነት ብቻውን አይበቃም። በ2023 የብሪታንያ ፖሊስ በስሕተት የሚደወሉ የ999 የአደጋ ጥሪዎች በእጅጉ መጨመራቸውን ሲያሳውቅ ከምክንያቶቹ አንዱ ያደረገው የአንድሮይድ ማሻሻያ ነበር፤ ማጥፊያው አምስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ሲጫን ስልኩ በራሱ ይደውላል። ጥሪው ከኪስና ከቦርሳ ውስጥ ይሄድ ነበር። ቁልፉን በእጁ የያዘው ሰው ትርጉሙ መጨመሩን አልሰማም። የአደጋ ቁልፍ ቋሚ ይሁን ስንል እንግዲህ የባለቤቱ እጅ ከነገ ወዲያ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን የሚያውቀው ይሁን ማለታችን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ንድፍ እንግዳ አይደለም፤ ግማሹ ተሠርቶ ነበር። ዋንፕላስ ከ2015 ጀምሮ በብዙ ስልኮቹ ጎን ሦስት ደረጃ ያለው ተንሸራታች አኑሮ ነበር። ላይ፣ መካከል፣ ታች፤ ጣት ሦስቱንም ሳይቀይር ይለያቸዋል። የጎደለው እያንዳንዱ ደረጃ ምን ምን እንደሚያካትት ሙሉ በሙሉ ባለቤቱ እንዲሞላው መተው ነበር። አንዱ ሰው ላይኛው ደረጃ ማንቂያውንም ጭምር ዝም ያሰኝ ይላል፤ ሌላዋ ከሐኪም ቤት የሚመጣ ጥሪ ብቻ ይለፍ ትላለች። የአካሉ ቅርጽ ሁኔታውን ይይዛል፣ ሴቲንጉ ወሰኑን ይይዛል፣ ሁለቱም አይጋፉም። ኩባንያው ግን በ2025 ባወጣው 13ኤስ ላይ ተንሸራታቹን አንሥቶ «ፕላስ ኪ» የሚባል ተጫኝ ቁልፍ ተካ። አዲሱ ቁልፍ እንደ አክሽን በተን ሁሉ ብዙ ሥራ ሊሰጠው ይችላል፤ ላይ ይሁን ታች ግን ጣት ሊጠይቀው አይችልም።