ያልተጻፈ ስምምነት፦ የኮሊን ካፐርኒክ አቤቱታና የነፃ ተጫዋቾች ገበያ

በአሜሪካው ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ ውሉን የጨረሰ ነባር ተጫዋች ከ32ቱ ክለቦች ካሻው ጋር ተደራድሮ መፈረም ይችላል። ነፃ ተጫዋችነት የሚባለው ይህ መብት ትርጉም የሚኖረው ክለቦቹ ስለ ተጫዋቹ በየግላቸው ሲወስኑ ነው። ተማክረው ፊታቸውን ካዞሩበት መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ከሊጉ ጋር የሚስተካከል ሌላ አሠሪ ስለሌለ ተጫዋቹ የሚሄድበት ገበያ አያገኝም። ኮሊን ካፐርኒክ እ.ኤ.አ. በ2017 ያቀረበው አቤቱታ በዚህ ነጥብ ላይ ያረፈ ነበር፦ አንድ ተጫዋች በተቃውሞው ምክንያት በክለቦች ምክክር ከሥራ መገለሉ በምን ይረጋገጣል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መብቱ በችሮታ የተገኘ አይደለም። ከ1963 ጀምሮ በኮሚሽነሩ በፒት ሮዜል ስም የሚጠራው ደንብ፣ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች የሚያስፈርም ክለብ ለቀድሞው ክለብ ካሣ እንዲሰጥ ያስገድድ ነበር። ክለቦቹ በካሣው ካልተስማሙ የሚወስነው ኮሚሽነሩ ነበር። የካሣው መጠን አስቀድሞ ስለማይታወቅ ክለቦች ነፃ ተጫዋች ከመንካት ተቆጠቡ። በጆን ማኪ ስም በተመሠረተው ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1976 ደንቡ የንግድ ውድድር ሕግን ይጥሳል ሲል ወሰነ። የተጫዋቾች ማኅበር ግን በቀጣዩ ዓመት ያገኘውን ድል በሌሎች ጥቅሞች ለውጦ አብዛኛውን መልሶ አስረከበ። የ1987ቱ የሥራ ማቆም አድማ ከከሸፈ በኋላ ማኅበሩ ያልተለመደ መንገድ መረጠ፤ የሠራተኛ ማኅበርነቱን ራሱ ተወ። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ማኅበር ያለው ሠራተኛ ቅሬታውን በድርድር እንዲፈታ ስለሚጠብቁ፣ ማኅበሩ በስም እስካለ ድረስ የውድድር ሕጉ በር ዝግ ነበር። በ1992 የሚኒያፖሊስ ዳኞች ለፍሪማን ማክኒልና ለባልደረቦቹ ፈረዱ፤ ሬጂ ዋይት በመሪነት የተሰለፈበት የጋራ ክስም ተከተለ። በ1993 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ ተጫዋቾቹ የደመወዝ ጣሪያን ተቀብለው በምትኩ ነፃ ተጫዋችነትን አገኙ። ዋይት በዚያው ዓመት ለአራት ዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር ከግሪን ቤይ ጋር ፈረመ።

የክለቦችን መመሳጠር የሚከለክለው አንቀጽ ግን ሥሩ ቤዝቦል ውስጥ ነው፤ መነሻውም የባለቤቶቹ ስጋት ነበር። በ1966 ሳንዲ ኩፋክስና ዶን ድራይስዴል የተባሉት የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ኮከብ ኳስ ወርዋሪዎች አንዳቸው ካልፈረሙ ሌላው እንደማይፈርም አሳውቀው ደመወዛቸውን ከፍ አስደረጉ። የክለብ ባለቤቶች ይህ እንዳይደገም ተጫዋቾች ተባብረው እንዳይደራደሩ የሚከለክል አንቀጽ ሲጠይቁ፣ የማኅበሩ መሪ ማርቪን ሚለር ክልከላው ባለቤቶቹንም የሚይዝ ከሆነ ብቻ እንደሚቀበል መለሰ። ከዓመታት በኋላ አንቀጹ ራሳቸውን ባለቤቶቹን ያዘ። በ1985 የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ኪርክ ጊብሰንን የመሰለ ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጥያቄ አጣ። በ1987 አንድሬ ዳውሰን የደመወዙ ቦታ ያልተሞላ ውል ይዞ ቺካጎ ደረሰ። ቆይቶም ባለቤቶቹ ለተጫዋቾች ያቀረቡትን ዋጋ የሚለዋወጡበት የመረጃ ቋት እንደነበራቸው ታወቀ። የግልግል ዳኞቹ ቶማስ ሮበርትስና ጆርጅ ኒኮላው ለተጫዋቾቹ ወሰኑ፤ ክለቦቹም በ1990 መጨረሻ 280 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ይህ ውጤት የተገኘው ገበያው በሙሉ በአንድ ጊዜ በመቀዝቀዙና ዱካውም በብዙ ውሎች ላይ በመታየቱ ነው። አንድ ሰው ብቻ ሲገለል እንዲህ ያለ ዱካ አይገኝም።

ካፐርኒክ የማጥቃቱን ጨዋታ የሚመራው፣ ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስን በ2013 መጀመሪያ ለሱፐር ቦውል ፍጻሜ አድርሷል። በነሐሴ 2016 በአቋም መፈተሻ ጨዋታዎች ላይ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ተቀምጦ ታየ። ጥቁሮችንና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሰዎችን የሚጨቁን አገር ባንዲራን ለማክበር አልቆምም በማለት የፖሊስን ግድያ በግልጽ አነሣ። ከቀድሞው የልዩ ኃይል ወታደርና ተጫዋች ከኔት ቦየር ጋር ከተወያየ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን ሳን ዲዬጎ ላይ ከባልደረባው ከኤሪክ ሪድ ጋር በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። መንበርከኩ የተመረጠው ለወታደሮች ያለውን አክብሮት እንዲያሳይ ነበር። ብዙ ተመልካች ግን ይህን አላየለትም። በዚያው ነሐሴ ኢትዮጵያዊው ሯጭ ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ለተቃውሞ ክንዶቹን አጣምሮ የማራቶኑን መጨረሻ መስመር አልፏል። ሯጩ የፈራው መንግሥትን ነበር፤ ለሁለት ዓመትም አገሩን ርቆ ኖረ። ካፐርኒክን መንግሥት አላሰረውም፤ የእንጀራው ጉዳይ ግን በግል አሠሪዎች እጅ ነበር። የመናገር ነፃነትን የሚያረጋግጠው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መንግሥትን እንጂ የግል አሠሪን አይገድብም። የሊጉ መመሪያም ተጫዋቾች በመዝሙሩ ጊዜ መቆም «ይገባቸዋል» ይል ነበር እንጂ «ግዴታቸው ነው» አይልም፤ ስለዚህ የተጣሰ ደንብ አልነበረም።

በመጋቢት 2017 ካፐርኒክ ውሉን አቋርጦ ነፃ ተጫዋች ሆነ። አዲሱ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ጆን ሊንች ባያቋርጥም ኖሮ እንደሚያሰናብቱት ገልጿል። ቡድኑ በ2016 ከ16 ጨዋታ 2 ብቻ አሸንፏል፤ ካፐርኒክ ግን ለነጥብ (ለተችዳውን) የበቁ 16 ኳሶችን አቀብሎ በተጋጣሚ የተነጠቀው 4 ብቻ ነበር። ሲያትል አነጋገረው፤ አሠልጣኙ ፒት ካሮል ካፐርኒክ ቋሚ ተሰላፊ እንደሚሆንና እነሱ ቋሚ እንዳላቸው ተናግሮ፣ ክለቡ ለተጠባባቂነት ኦስተን ዴቪስን አስፈረመ። ማያሚ ኳርተርባኩ ሲጎዳበት መጫወት ያቆመውን ጄይ ከትለርን በ10 ሚሊዮን ዶላር መለሰ። ቴነሲ ብራንደን ዊደንን ጠራ። ለእያንዳንዱ ምርጫ ከአጨዋወት ዘዴ፣ ከገንዘብ ወይም ከደጋፊ ቁጣ ጋር የተያያዘ ምክንያት ማቅረብ ይቻል ነበር። የሊጉ የመከላከያ ክርክር ጥንካሬም እዚህ ላይ ነው፦ ሠላሳ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ተደምረው አንድ ውጤት ሰጡ።

መስከረም 22 ቀን 2017 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በአላባማዋ ሀንትስቪል ባደረጉት ንግግር ባለቤቶቹ ተቃዋሚ ተጫዋቾችን እንዲያባርሩ ጠየቁ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ከ200 በላይ ተጫዋቾች ተንበረከኩ ወይም ተቀመጡ። ጥቅምት 15 ካፐርኒክ በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል ባለው የኅብረት ስምምነት አንቀጽ 17 መሠረት አቤቱታውን አስገባ። አንቀጹ አንድን ተጫዋች ለማስፈረም ወይም ላለማስፈረም ሊጉ ከክለብ ጋር ወይም ክለብ ከክለብ ጋር በግልጽም ሆነ በዝምታ መስማማትን ይከለክላል። ከሳሹ ግን ሚዛን በጉልህ የሚደፋ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ክለቦች ተጫዋቹን አለማስፈረማቸው ብቻውን፣ ወይም ከችሎታው ማስረጃ ጋር ብቻ ተዳምሮ፣ እንደማይበቃም አንቀጹ በግልጽ ይደነግጋል። ስለዚህ ካፐርኒክ ከከትለር ይሻላል ብሎ ማስረዳት ዋጋ አልነበረውም፤ የሚፈለገው የስምምነቱ አሻራ ነበር። ሕጉ በዝምታ የተደረገውንም እንደ ስምምነት ይቆጥራል፤ ዝምታ ግን ደብዳቤ አይጽፍም። አንድ ባለቤት የሌላውን ውሳኔ በጋዜጣ አንብቦ፣ የፕሬዚዳንቱን ቁጣ ፈርቶ ያንኑ ቢያደርግ ስምምነት የለም፤ የተጫዋቹ ጉዳት ግን ያው ነው። የአንቀጹ ከባድ ጉድለት ይህ ነው።

ያልተጻፈ ስምምነት ለሊጉ እንግዳ አይደለም። ከ1934 እስከ 1945 ድረስ በሊጉ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም፤ ይህን ያዘዘ የተጻፈ ደንብ ግን አልተገኘም። ራምስ የተባለው ክለብ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወርና የሕዝብ ንብረት በሆነው ስታዲየም ለመጫወት ሲጠይቅ የጥቁሮች ጋዜጦች ግፊት አደረጉ፤ ክለቡም በ1946 ኬኒ ዋሺንግተንንና ውዲ ስትሮድን አስፈረመ። የዋሺንግተኑ ክለብ ባለቤት ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ግን እስከ 1962 ድረስ ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም።

ሊጉ የካፐርኒክ አቤቱታ ሙሉ ችሎት ሳይደርስ ውድቅ እንዲሆን ያቀረበውን ጥያቄ የግልግል ዳኛው ስቲቨን በርባንክ በነሐሴ 2018 አልተቀበለም። ባለቤቶችና ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል በመሐላ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ የሕዝብ መዝገብ ውስጥ የገባው ግን ጥቂት ነው። የካቲት 15 ቀን 2019 ካፐርኒክ፣ የራሱን አቤቱታ አቅርቦ የነበረው ሪድና ሊጉ በምስጢር በተያዘ ስምምነት ጉዳዩን ዘጉ። ሊጉ ጥፋት አላመነም፤ ውሳኔም አልተሰጠም። በስምምነት መጨረስ የከሳሹ ሙሉ መብት ነው፤ ዋጋው ግን ተከታይ ተጫዋች የሚጠቅሰው ፍርድ አለመኖሩ ነው። ሪድ ከዚያ በፊት ከካሮላይና ጋር ፈርሞ መጫወት ጀምሮ ነበር። የካፐርኒክ የመጨረሻ ጨዋታ ግን የጥር 1 ቀን 2017ቱ ሆኖ ቀረ። በሰኔ 2020፣ ከጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በኋላ፣ ጉዴል ተጫዋቾችን ቀድሞ አለመስማት ስሕተት እንደነበር በቪዲዮ ሲናገር የካፐርኒክን ስም አላነሣም።

የማስረጃው ችግር በሌላ ጉዳይ ዳግም ታየ። ክሊቭላንድ በ2022 ለኳርተርባኩ ለደሾን ዋትሰን ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው የ230 ሚሊዮን ዶላር ውል ከሰጠ በኋላ፣ ሌሎች ክለቦች እንዲህ ያለውን ዋስትና ላለመድገም ተመሳጥረዋል ሲል ማኅበሩ ከሰሰ። የግልግል ዳኛው ክሪስቶፈር ድሮኒ በጥር 2025 በሰጠው ውሳኔ፣ የሊጉ አስተዳደር በኮሚሽነሩ ይሁንታ ክለቦቹን ዋስትናውን እንዲቀንሱ ማበረታታቱን ተቀበለ። ክለቦቹ በዚያ ለመስማማታቸው ግን በቂ ማስረጃ አላገኘሁም አለ።