የጠማማዋ ቧንቧ ታሪክ

ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞትና ስለ አገር መጻፍ የለመደ ብዕር ስለ ሽንት ቤት ሲጽፍ አንዳንድ አንባቢን ቅር ማሰኘቱ አይቀርም። ቋንቋችንም ቢሆን ነገሩን በስሙ መጥራት አይወድም፤ «ሜዳ ወጣ»፣ «ውጭ ወጣ»፣ «ወደ ጓሮ ዞር አለ» እያለ በጎን ያልፈዋል። ኦሪት ግን አላፈረም። በዘዳግም ምዕራፍ 23 እስራኤላውያን ከሰፈር ውጭ ቦታ እንዲለዩ፣ መቆፈሪያ ይዘው እንዲወጡና በአፈር እንዲሸፍኑት ይደነግጋል። ሙሴ ያላፈረበትን ነገር እኔ ላፍርበት አይገባምና እነሆ።

እናቴ የምትኖረው አዳሚ ቱሉ ነው። ጉልበቷ ቁጢጥ ማለትን እምቢ ባላት ጊዜ፣ ከጓሮው ጉድጓድ ትገላገል ብለን በቤቱ ጥግ ክፍል ሠራንና ነጩን የሸክላ መቀመጫ አስገባንላት። ጥቂት ዓመት በደኅና አገለገላት። ኋላ ግን እጀታው ሲጫኑት ውሃው እየዞረ ከመውረድ በቀር የሚገፋው ነገር ጠፋ፤ ቀስ እያለ ይሞላና እንደ ታማሚ ጉሮሮ እየተንቋረረ ይሰምጣል። እናቴ ለማንም ሳትናገር ወደ ድሮው ጉድጓድ ተመለሰች። እኔ ነገሩን ያወቅሁት፣ በሌሊት ወደ ጓሮ ስትሄድ ወድቃ ክንዷ ተልጦ ባገኘኋት ጊዜ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራቴ በፊት አንድ ቀላል ፈተና ነበረች። 10 ሊትር ያህል ውሃ በባልዲ ይዞ መቀመጫው ውስጥ በአንድ ጊዜ መገልበጥ። ውሃው ሁሉን ጠርጎ ከወረደ መንገዱ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ከላይ ካለው የውሃ ሳጥን ነው። ከፍ ብሎ ከቆመ ጥፋቱ ከታች ነው። የእናቴ ሽንት ቤት ለሁለቱም መለሰልኝ፤ ከእጀታው በተሻለ ወረደ፣ ነገር ግን ተንቋረረ። ሁለት በሽታ ነበረበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላስገባ፤ ያለ እሱ መንቋረሩ አይገባምና። በውሃ የሚታጠበውን መጸዳጃ በእንግሊዝ አገር ሠርቶ መጽሐፍ የጻፈበት ሰው መሐንዲስ አልነበረም፤ ገጣሚ ነበር። ሰር ጆን ሃሪንግተን፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት የክርስትና ልጅ፣ መጽሐፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1596 ነው። ርእሱም ሰምና ወርቅ ነበረው፤ ሰሙ የግሪኩ ጀግና አያክስ፣ ወርቁ በዘመኑ እንግሊዝኛ ሽንት ቤት። (የእኛ ባለቅኔዎች ቢሰሙት አንድ ዜማ አይነፍጉትም ነበር።) በመጽሐፉ ውስጥ ሹማምንትን ጎንተል በማድረጉ ግን ከቤተ መንግሥት ርቆ እንዲቆይ ተደረገ። የሃሪንግተን ሥራ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ሽታው ከታች ተመልሶ ይወጣ ነበር። ይህን የፈታው ከ179 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1775፣ አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ ሰዓት ሠሪ ነው። ቧንቧውን እንደ እባብ አጠማዘዘውና በጠማማው ውስጥ ጥቂት ውሃ ሁልጊዜ እንዲቀር አደረገ። ዛሬ ሲፎን የምንላት ይህች ናት። ያች አንድ ጣሳ የማትሞላ ውሃ ናት በቤትና በጉድጓድ መካከል እንደ በር ቆማ ሽታን የምትመልስ።

ውሃ በቧንቧ ወርዶ መልሶ መውጣት መቻሉ በእኛም አገር ሰውን አስደንቋል። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር በቧንቧ ውሃ ስቦ ኮረብታ ላይ ላለው ለምኒልክ ግቢ ሲያደርስ፣ ውሃ ዳገት ወጣ ተብሎ ተገጠመለት። ምስጢሩ ግን ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ መሆኑ ብቻ ነበር። በጠማማዋ ቧንቧም ሕጉ ያው ነው፤ ከላይ በቂ ውሃ በአንድ ጊዜ ካልወረደ ከታች ያለውን ጠማማ ተሻግሮ የሚገፋ ኃይል የለም።

ይህንን የአዳሚ ቱሉ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይወርዳል፤ ከላይ ለመስኖ ሲቀዳ ታች ያለው ደከመ፣ አብጃታም ከዳርቻው ብዙ ሸሸ። የውሃ ሳጥኑን ክዳን ባነሳሁ ጊዜ ያየሁት ትንሹን አብጃታ ነው። ተንሳፋፊው ኳስ ዘንጉ ጎብጦ፣ ሳጥኑ ገና በግማሹ ሳለ ውሃውን ይዘጋል። ዘንጉን አቃናሁት፤ ውሃው ምልክቱ ድረስ ሞላ። የመጀመሪያው በሽታ ይኸው ነበር።

መንቋረሩ ግን አልተወም። ጓሮ ወጥቼ ከመቀመጫው በኋላ ያለችውን የመፈተሻ ጉድጓድ ከፈትኩ፤ ደረቅ ናት። ቧንቧው ለአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁልቁለት አለው፤ ያም ደኅና ነው። ከዚያ ወደ ሴፍቲ ታንከሩ ሄድኩ። በነገራችን ላይ ይህ ስም ሁልጊዜ ያስቀኛል። ፈረንጆቹ «ሴፕቲክ» ያሉት ከግሪኩ «መበስበስ» ነው፤ ሥራውም ያው ማብሰበስ ነው። እኛ ቃሉን «ሴፍቲ» አድርገን ብስባሽን ወደ ደኅንነት ለወጥነው! ታንከሩ አልሞላም ነበር፤ ክዳኑን ሳነሳው ግን የታፈነ አየር እፍ ብሎ ወጣ።

ያኔ ቀና ብዬ ጭስ ማውጫ የምንለውን ቀጭን ቧንቧ አየሁ። አፉ ላይ ሰማያዊ ፌስታል ተደርቦ በሲባጎ ተጠፍሮ ታስሯል። ውሃ ሲወርድ ከፊቱ ያለውን አየር ይገፋል፤ አየሩ መውጫ ካጣ ተመልሶ በሲፎኑ በኩል ይተነፍሳል፤ መንቋረሩ እሱ ነው። የእንግሊዝ ቧንቧ ሠራተኞችም ይህን የተማሩት ካሚንግ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ሽታን ዘግተው ሲያበቁ ለአየር መንገድ መተው እንደሚያስፈልግ።

«እማዬ፣ ይህን ማን አሰረው?»

ዝም አለች። ቡናውን ቀድታ ከሰጠችኝ በኋላ ነው የመለሰችልኝ። «የማኅበሩ ተራ የእኔ ነበር ልጄ። ሰው ግቢዬ መጥቶ እየበላ ያ ነገር ይሽተተው? ለአንድ ቀን ብዬ የጎረቤቱን ልጅ አሳሰርኩት፤ ከዚያ ረሳሁት።»

ከዚህ ወዲያ የምለው አልነበረኝም። ሃሪንግተንም ካሚንግም የተጨነቁበትን ነገር እናቴ በፌስታል ልትፈታው ሞከረች፤ ለሌላ ሳይሆን ለእንግዳ ክብር። ሲባጎውን ቆርጬ ፌስታሉን ጣልኩ። አፉን እንደዚምባብዌዎቹ ጉድጓድ ሽንት ቤት ዝንብ በማያሳልፍ ወንፊት ሸፈንኩት፤ ሽታው ከሰው ራስ በላይ እንዲነፍስ ደግሞ አንድ ቧንቧ ቀጥዬ ከጣራው በላይ አስረዘምኩት።

ማታ እናቴ ገብታ እጀታውን ተጫነች። ውሃው አንድ ጊዜ ዋጥ አድርጎ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይታ ደግማ ተጫነች፤ ሳጥኑ ገና አልሞላም ነበርና ብዙ አልወረደም። «ውሃ አታባክኚ» ልላት ብዬ ተውኩት። ባልዲው ዛሬም ከአጠገቡ አለ፤ ቧንቧዋ በፈረቃ ነው የምትመጣው።