የቆዳ ስፌት በኢትዮጵያ፦ ከወስፌ እስከ ስፌት መኪና

ጨርቅ ሲሰፋ መርፌው በድርና በማጉ መካከል መንገድ ፈልጎ ያልፋል፤ ስፌቱ ቢፈታም ክሮቹ ወደ ቦታቸው ስለሚመለሱ የመርፌው ዱካ ብዙ አይታወቅም። ቆዳ ግን አንድ ጊዜ ከተበሳ ቀዳዳው አይዘጋምና ቆዳ ሰፊ ወስፌውን ከማሳረፉ በፊት ልኩን መቁረጥ፣ የቀዳዳዎቹን ርቀት ማመጣጠንና ስፌቱ የሚሸከመውን ጫና ማመዛዘን ይኖርበታል። ይህ የቆዳ ጠባይ የኢትዮጵያን የቆዳ ስፌት ታሪክ ለመረዳት መነሻ ይሆናል፤ በአገሪቱ ለዘመናት የዳበረው የእጅ ስፌት ትልቁ ብልሃት፣ ዕቃው ባረጀ ጊዜ ክሩ ወይም ጠፍሩ ወጥቶ በቀድሞው ቀዳዳ አዲስ እንዲገባበት፣ ዕቃውም ከሠሪው ዕድሜ በላይ እንዲኖር ማድረጉ ነበርና።

በደጋው አገር የገበሬው፣ የነጋዴው፣ የወታደሩና የካህኑ ኑሮ ያለ ቆዳ አይታሰብም ነበር። እህል በአቁማዳና በስልቻ ይጫናል፤ ጭነቱ ከበቅሎና ከአህያ ጀርባ ላይ በመጫኛ ይታሰራል፤ የመንገደኛው ስንቅ ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ በፍየል ወይም በበግ ቆዳ በተለበጠ አገልግል ይያዛል፤ ሌሊት የሚተኛበት አልጋም በጠፍር፣ ማለትም በቀጭኑ በተተለተለ የከብት ቆዳ፣ ይወጠራል። ኮርቻው፣ የጎራዴው ሰገባና የጥይቱ ዝናር ሁሉ የቆዳ ሰፊው እጅ ያረፈባቸው ነበሩ። ከእነዚህም ሁሉ በትንሽነቱ የሚለየው የክታቡ መያዣ ነው፤ ጸሎት የተጻፈበት ብራና ተጠቅልሎ ጣት በምታህል የቆዳ ከረጢት ውስጥ ከገባ በኋላ ዙሪያው ጥቅጥቅ ባለ ስፌት ይዘጋል፤ በአንገት ተንጠልጥሎ ላብና ዝናብ እየተፈራረቀበት ለብዙ ዓመታት ጽሑፉን ከጉዳት የሚጠብቀውም ይኸው ስፌት ነው።

ከስፌቱ በፊት የልፋቱ ሥራ ይቀድማል። የታረደው እንስሳ ቆዳ ሥጋውና ጮማው ተፍቆ፣ ጠጉሩ ተነቅሎ፣ ከዕፅዋት በሚገኝ ማልፊያ ይለፋል፤ ለዚህም በብዙ ቦታ የእምቧይ ፍሬ ያገለግል ነበር። ማልፊያው ቆዳውን ከመበስበስ ሲጠብቀው፣ በሚደርቅበት ጊዜ እንደ እንጨት እንዳይገትር ደግሞ በቅባት መታሸትና በእግር መረገጥ አለበት። የመፋቁ ሥራ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በደቡብ ኢትዮጵያ በኮንሶ ከድንጋይ ተጠርቦ በእንጨት እጀታ ላይ በሚሰካ መፋቂያ ቆዳ የሚያለፉ ሴቶች ይህን ጥንታዊ ጥበብ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ይዘው በመቆየታቸው፣ የጥንቱን ሰው የድንጋይ መሣሪያዎች የሚያጠኑ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ሥራቸውን በቅርብ ተከታትለው መዝግበዋል።

የሰፊው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ ስለታም ቢላዋ፣ ወስፌ፣ የሰም ቁራጭና የሚሰፋበት ማያያዣ። ማያያዣው እንደ ሥራው ይመረጣል። ለወፍራም የከብት ቆዳ ጠፍር፣ ለቀጭንና ለስስ ሥራ ጅማት፣ ማለትም ከእንስሳ ሥጋ ላይ ተለይቶ፣ ደርቆና ተሰንጥቆ የሚገመድ የጅማት ክር፣ ወይም በሰም የታሸ የጥጥ ፈትል ይውላል። ሰሙ ክሩን ከእርጥበት ይጠብቀዋል፤ በቀዳዳው ውስጥም አንቆ ስለሚይዘው አንዱ ስፌት ቢበጠስ ጎረቤቱ በቀላሉ አይፈታም። ያልለፋ ጠፍር ደግሞ በእርጥቡ ተጎትቶ ሲሰፋ፣ በሚደርቅበት ጊዜ እየተኮማተረ የሁለቱን ቆዳ ጠርዝ አጥብቆ ያገናኛል።

ይህ ሙያ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በመጽሐፍ ሥራ ነው። ብራና በአብዛኛው ከፍየል ቆዳ የሚዘጋጅ፣ በማልፊያ ሳይሆን በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮና ተፍቆ የሚደርቅ የመጻፊያ ገጽ ነው። እንስሳው ሲገፈፍ ቢላዋ በሳተበት ቦታ ቆዳው ከተወጠረ በኋላ ክብ ወይም ሞላላ ሽንቁር ይከፈታል፤ ብራና አዘጋጁም ሽንቁሩን በጅማት ይሰፋዋል። በብዙ ጥንታዊ ብራናዎች ላይ ይህ ስፌት እስከ ዛሬ ጎልቶ ይታያል፤ ቁም ጸሐፊው መስመሩን እስከ ስፌቱ አድርሶ ቃሉን ከወዲያ ማዶ ይቀጥላል እንጂ ገጹን አይጥለውም።

ጽሑፉ ሲያልቅ መጽሐፉ ወደ ደጓሹ፣ ማለትም የመጽሐፍ ሽፋን ወደሚሠራው ባለሙያ፣ ይሄዳል። የተጣጠፉት የብራና ጥራዞች ከጀርባቸው በሰንሰለት ስፌት ይያያዛሉ፤ በዚህ ስፌት አንድ ክር በሁለቱም ጫፎቹ መርፌ ይዞ በጥንድ ቀዳዳዎች በኩል ይሠራል፣ እያንዳንዱም አዲስ ጥራዝ ከእርሱ በፊት በነበረው ጥራዝ ስፌት ላይ ይታሰራል። ክሩ በመጨረሻ ከዋንዛ፣ ከወይራ ወይም ከሌላ እንጨት በተጠረቡ ሁለት ገበታዎች ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ጥራዙንና ሽፋኑን አንድ ያደርጋል። ከዚያም ገበታዎቹ በለፋ ቀይ ወይም ቡናማ ቆዳ ይለበጣሉ፤ በቆዳው ላይ በእሳት የጋሉ ትንንሽ ብረቶች እየተጫኑ መስቀልና ሐረግ ይታተማል፤ በጀርባው ራስጌና ግርጌም የተጎነጎነ የቆዳ ጠፍር ተሰፍቶ የጥራዙን ጫፍ ያጠነክራል። የተጠናቀቀው መጽሐፍ ከወፍራም ቆዳ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ ገብቶ በማንገቻው ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ወይም በመንገደኛ ካህን ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። በሥራው ሁሉ ጀርባው በሙጫ ስለማይደርቅ መጽሐፉ እስከ ስፌቱ ሥር ድረስ ይገለጣል፤ ክሩ ሲያልቅም ብራናው ሳይጎዳ እንደገና ይሰፋል።

የብራና መጽሐፍ ሥራ ጥንታዊነት በዓድዋ አቅራቢያ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ተጠብቀው በቆዩት ወንጌላት ይታወቃል። ከብራናቸው በተወሰደ ናሙና ላይ የተደረገው የካርቦን ምርመራ ዘመናቸው እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ አመልክቷል። እነዚህ መጻሕፍት በረጅም ዕድሜያቸው በተለያየ ጊዜ ተፈትተው ተሰፍተዋል፤ ቅጠሎቻቸው ተዘበራርቀው የተያያዙበት ጊዜም ስለነበር በቅርቡ ዘመን የተካሄደው ጥገና አንዱ ተግባር ቅደም ተከተላቸውን ማስተካከል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ አምባ በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ከገቡት ወደ 350 ከሚጠጉት የብራና መጻሕፍት መካከልም የአገሪቱ ደጓሾች ሥራ የሚታይባቸው ብዙዎች አሉ።

ጥበቡ በክርስቲያኑ ዓለም ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ሐረር ቅዱስ ቁርኣንንና ሌሎች የእስልምና መጻሕፍትን በእጅ ከመጻፍ ጋር የመጽሐፍ ድጉሰትንም ያዳበረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ለአሥር ቀናት በሐረር የቆየው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ስለ ከተማዋ ብዙ ነቀፌታ ቢጽፍም፣ የመጽሐፎቿን ሽፋን ጥንካሬና ውበት ግን ከምሥራቅ አገሮች ሁሉ ከፋርስ በቀር የሚበልጠው እንደሌለ መስክሯል።

በአንጻሩ ቆዳውን የሚያለፋውና የዕለት ዕቃውን የሚሰፋው ባለ እጅ ለሥራው የሚገባውን ክብር አላገኘም። መጽሐፍ የሚደጉሰው በአብዛኛው ከቤተ ክህነት ወገን በመሆኑ ሲከበር፣ ፋቂ እየተባለ የሚጠራው ቆዳ አልፊ ግን በብዙ ቦታ መሬት እንዳይኖረው ተከልክሎ፣ በጋብቻ ተገልሎ፣ በቡዳነት ተጠርጥሮ ኖሯል። ገበሬው በእርሱ ጠፍር እየጠመደ፣ ጌታው በእርሱ ኮርቻ እየተቀመጠ፣ የሠራውን እጅ መናቁ የአገሪቱ ታሪክ ከባድ በደል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለው ጥፋተኛውን እንደሚቀጡ አስታውቀው ነበር፤ ይሁን እንጂ ልማዱ ከአዋጁ በኋላም ረጅም ዕድሜ አግኝቷል፤ ባለሙያውም ጥበቡን ከልጁ በቀር የሚያወርሰው ስለማያገኝ ሙያው በአንድ ወገን ውስጥ ተዘግቶ ቆይቷል።

በዚህ መካከል በአሜሪካ የስፌት ሥራ ተለወጠ። ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846፣ አይዛክ ሲንጀርም በ1851 ለስፌት መኪና የፈጠራ መብት አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1858 ደግሞ ላይማን ብሌክ የጫማን ሶል ከላይኛው አካል ጋር የሚሰፋ መኪና ሠራ፤ ጎርደን ማኬይ ገዝቶ ያሻሻለው ይህ መኪና በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለወታደሮች ጫማ በብዛት ለማምረት አገልግሏል። ተራው የስፌት መኪና የሚሰፋው በሁለት ክር ነው፤ ላይኛው ክር በመርፌው ወርዶ፣ ከታች በማጠንጠኛ ከተጠመጠመው ክር ጋር በቆዳው ውፍረት መካከል ይቆላለፋል። የእጅ ኮርቻ ስፌት ግን አንድ ክር ብቻ አለው፤ ሁለቱ ጫፎቹ በሁለት መርፌ ተይዘው በየቀዳዳው ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ፣ አንዱ ጎን ቢበጠስም ሌላው ይይዛል። ቆዳ የሚሰፋ መኪናም የራሱ ዝግጅት ያስፈልገዋል፦ ጫፉ ቆዳውን እንዲቆርጥ የተሳለ መርፌ፣ ወፍራም ክር፣ ከላይና ከታች እኩል የሚያራምድ እግር። የስፌቱ ርምጃ ከልክ በላይ ካጠረ ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል።

የስፌት መኪናው በኢትዮጵያ የተለመደው በመጀመሪያ በከተማ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሲሆን፣ በቆዳ ሥራ ሥር የሰደደው ግን ጫማ የከተሜው መለያ ከሆነ በኋላ ነው። በአዲስ አበባ በአርመናውያን የተቋቋመው ዳርማር የጫማ ፋብሪካ የዚህ ለውጥ ግንባር ቀደም ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎችን ሲወርስ በመንግሥት እጅ ገብቶ አንበሳ ጫማ የሚል ስም አግኝቷል። በመርካቶ ዙሪያ ከተስፋፉት ትንንሽ የጫማ ቤቶች ጋር አዲስ የሙያ ቋንቋም ተለመደ፤ የጫማው ላይኛ አካል ቶማያ፣ ጫማው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ ፎርማ፣ ማጣበቂያው ማስቲሽ ይባላል፤ ሦስቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከቻይና የገባው ርካሽ ጫማ እነዚህን ቤቶች ክፉኛ ቢጎዳቸውም፣ ቅርጽና ጥራት አሻሽለው ብዙዎቹ ገበያቸውን መልሰዋል።

መኪናው የሰጠው ፍጥነት ጫማን ለብዙኃኑ አድርሷል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ማስቲሽ ያጣበቀው ሶል ሲላቀቅና በመኪና ቀዳዳ የተጠጋጋው ጠርዝ ሲቀደድ፣ ዕቃው መጨረሻ የሚሄደው ወስፌና በሰም የታሸ ክር ይዞ መንገድ ዳር ወደተቀመጠው ጫማ ሰፊ ነው። የባቲ የፍየል ቆዳና የደጋው በግ ሌጦ በዓለም ገበያ በጥራታቸው በሚፈለጉበት በዚህ ዘመን፣ ቦርሳና ቀበቶ በእጅ መስፋትን ለገቢም ሆነ ለመዝናኛ የሚማሩ ሰዎች በተለያዩ አገሮች ይገኛሉ፤ የሚማሩትም አንድ ክር፣ ሁለት መርፌ፣ ሰምና ወስፌ ነው። የገዳማቱ ደጓሾች ይህን የመሰለውን ሥራ ከሺህ ዓመት በላይ ጠብቀውታል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቆዳ ጥሬው ተሸጦ የሚያልቅ ሀብት እንዳይሆን ከተፈለገ፣ ከፋብሪካው ጎን ለጎን የአልፊው፣ የሰፊውና የደጓሹ ዕውቀት በትምህርት ቤት ሊሰጥና በስሙ ሊከበር ይገባዋል፤ ለዘመናት በዘር ተከልሎ በንቀት የቆየ ሙያ ለፈለገው ሁሉ ሲከፈት፣ የምኒልክ አዋጅ ያሰበው ፍትሕ በሥራ ይገለጣልና።